ክርስትና የተነሣን አዋቂ በመጀመሪያው ዓመት እንዴት እንያዝ?

ሕፃን ክርስትና ሲነሣ ምን እንደምናደርግ እናውቅበታለን። ወንዱን በአርባ ቀኑ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀኗ ይዘን እንሄዳለን። ክርስትና አባት አለ፣ አያት አለች፣ ጎረቤት አለ። ልጁ ጾሙንም በዓሉንም ከቤቱ እያየ ያድጋል። አዋቂ ሲጠመቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዕለቱ በእልልታ ያልፋል። ነጭ ይለብሳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሁሉም አቅፎ "እንኳን ደስ አለህ" ይለዋል። በሚቀጥለው እሑድ ብቻውን ይመጣና በየትኛው በር እንደሚገባ ግራ ይገባዋል።

ይህ መመሪያ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አዋቂ ሰው ክርስትና ላነሣችሁ ነው። ከሰበካ ጉባኤ ወይም ከሰንበት ትምህርት ቤት "እስቲ ይህን ልጅ ያዙልን" ለተባላችሁም ይሆናል። ሥራችሁ ሰውየውን ከንስሐ አባቱ፣ ከቅዳሴው እና ከጥቂት ደህና ሰዎች ጋር ማላመድ ነው። ዓመት ሲሞላው ያለ እናንተ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ የሚያስቀድስ፣ የሚቆርብ፣ ሰላም የሚለው ሰው የማያጣ ከሆነ ተሳክቶላችኋል።

"ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ከተጠመቀ በኋላ ያጠመቀው ፊልጶስ ወዲያው ተለየው፤ ማን ያዘው?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ። ግን ያ ሰው ለመስገድ እስከ ኢየሩሳሌም ሄዶ የሚመለስ፣ በሠረገላው ላይ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ነበር። ዛሬ ወደ እኛ የሚመጣው ብዙው ሰው መጽሐፍ ቅዱስን ገና እየገለጠ ነው።

ማን ይያዘው?

ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ይያዝ። ሥርዓቱም ይኸው ነው፤ ለወንድ ክርስትና አባት፣ ለሴት ክርስትና እናት ይቆማል። የክርስትና ዝምድና ጋብቻን ይከለክላል። ስለዚህ ይህ ምርጫ በችኮላ፣ በር ላይ በተገኘ ሰው አይደረግ።

የግድ ብዙ የተማረ ሰው አትፈልጉ። እሱ ራሱ ንስሐ የሚገባና የሚቆርብ፣ ስልክ ሲደወልለት የሚያነሣ፣ ቤቱ የማይርቅ ሰው ይበቃል። ክርስትና አባቱ ሌላ ከተማ የሚኖር ከሆነ ከአጥቢያው አንድ ሰው ይታከልለት። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ቢይዝ ደግ ነው። በአንድ ቀን ብዙ ሕዝብ በተጠመቀባቸው ቦታዎች ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያም ቢሆን ሰዎቹን በሰፈር ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ሰፈር ስሙ የሚታወቅ ተጠሪ መስጠት ይቻላል።

እኔ በዚህ ጉዳይ የማየው በርናባስን ነው። ክርስቲያኖችን ያሳድድ የነበረው ሳውል፣ ኋላ ቅዱስ ጳውሎስ የተባለው፣ አምኖ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ ደቀ መዛሙርቱ ፈሩት፤ ማመኑንም አልተቀበሉትም። በርናባስ ይዞት ወደ ሐዋርያት ገባ፤ እንዴት እንደተጠራም እሱው ቆሞ ነገረለት። ሰው አይቶ የሚያፈገፍግበትን አዲስ መጤ ይዞ መግባት፣ ስለ እሱ መናገር፣ አጠገቡ መቆም የእናንተም ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት

ሦስት ነገር በዚህ ሳምንት ይለቅ።

አንደኛ፣ ክርስትና ስሙን በወረቀትም በስልኩም ይጻፍ። ወልደ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ የተሰጠው የትኛውም ይሁን። ንስሐ ሲገባም ጸሎት ሲደረግለትም የሚጠራው በዚህ ስም ነው። በጥምቀቱ ዕለት በግርግር አንድ ጊዜ የተሰማ ስም ቶሎ ይረሳል። አንድ ካህን "ክርስትና ስምህ ማነው?" ብሎት ዝም ሲል የሚሰማው ኀፍረት ቀላል አይደለም። እናንተም አልፎ አልፎ በዚያ ስም ጥሩት።

ሁለተኛ፣ የጥምቀት ምስክር ወረቀቱን ከደብሩ ጽሕፈት ቤት አብራችሁ ተቀበሉ። ስሙ በትክክል መጻፉን፣ ቀኑና ማኅተሙ መኖሩን እዚያው ቆማችሁ እዩ። ነገ በተክሊል ሲያገባ ወይም ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ይጠየቃል። ፎቶ አንስቶ ያስቀምጠው።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፤ ንስሐ አባት። "አንድ ካህን ፈልግ" ብላችሁ አትተዉት። እናንተው ቀጠሮ ያዙ፤ ይዛችሁት ሂዱ። ከመግባታችሁ በፊት እንዴት ሰላም እንደሚባል አሳዩት። ዝቅ ብሎ "ይፍቱኝ አባቴ" ይላል፤ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይባላል፤ መስቀሉን ይሳለማል። አስተዋውቃችሁ ውጡ። ከካህኑ ጋር የሚያወራው የእሱና የካህኑ ነው። ኋላም "ምን አሉህ? ምን ቀኖና ሰጡህ?" ብላችሁ አትጠይቁ። እሱ ራሱ ምስጢሩን ሊነግራችሁ ሲጀምር እንኳ "ይህን ለአባ ንገራቸው" ብሎ መመለስን ልመዱ። መካሪ እንጂ ካህን አይደላችሁም።

ካህኑ አማርኛ ብቻ የሚችሉ ከሆነና ልጁ ውጭ አገር ያደገ ከሆነ ቋንቋውን የሚችል ካህን ፈልጉለት፤ ሩቅ ደብርም ቢሆን። በአስተርጓሚ ኃጢአትን መናገር ለማንም አይቀልም።

ቅዳሴ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ወራት አብራችሁ አስቀድሱ። ቅዳሜ ማታ ደውሉና "ነገ ስንት ሰዓት እንገናኝ?" በሉ። በር ላይ ተገናኙ። ነጠላውን መስቀለኛ ማጣፋት ካልቻለ እዚያው ደጀ ሰላም ላይ አሳዩት። አንዱን ጫፍ በቀኝ ትከሻ፣ ሌላውን በግራ እያደረገ እሱ ራሱ ይሞክር፤ እናንተ አታልብሱት። ጫማ የት እንደሚወልቅ፣ ወንዶች በየት፣ ሴቶች በየት እንደሚቆሙ ሌላ ሰው ገሥጾ ሳይነግረው እናንተ ቀድማችሁ ንገሩት። ሴት ከሆነች በወር አበባ ጊዜ ውጭ ቆሞ ስለማስቀደስ ክርስትና እናቷ ለብቻዋ ትንገራት። ሰው ፊት ከመሳቀቅ ትድናለች።

ግእዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመበት የቅዳሴ መጽሐፍ ይኑረው። በስልክም ይገኛል። የሚነበበው የት እንደደረሰ በጣታችሁ አመልክቱትና ተዉት። በየደቂቃው በጆሮው እያንሾካሾኩ ማስረዳት ጸሎቱን ይቆርጥበታል። ጥያቄውን ይያዝ፤ ቅዳሴው አልቆ ጠበል ጠጥታችሁ ስትወጡ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ብዙ ጊዜ የሳምንቱ ምርጥ ትምህርት የሚገኘው በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቀድማችሁ አዘጋጁት። ዲያቆኑ "ፃኡ ንዑሰ ክርስቲያን" ይላል። ገና በትምህርት ላይ ያሉ፣ ያልተጠመቁ እንዲወጡ ማለት ነው። እሱም እስከ ትናንት ከእነሱ አንዱ ነበር። አሁን ይቆማል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ያንን ድምፅ ሲሰማ የተሰጠውን ነገር ያስተውላል።

ረጅም ሰዓት መቆም ይከብደዋል። እግሩ ሲዝል ጥግ ይዞ ቢቀመጥ ነውር እንደሌለው ንገሩት፤ ወንጌል ሲነበብ ግን ይነሣ። ጾም ላይ፣ ከቅዳሜና እሑድ በቀር፣ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ መሆኑንም ይወቅ፤ በጠዋት መጥቶ በሩ ተዘግቶ እንዳያገኝ።

በአረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህት ከያዛችሁ ይህ ሁሉ አይሆንላትም። ዓርብ የዕረፍት ቀን በሆነበት አገር ዓርብ የሚያስቀድስ ደብር ካለና አሠሪዋ ከለቀቋት ጥሩ። ካልለቀቋት በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርሷት። አጭር ጸሎት፣ የዕለቱ ወንጌል፣ ሁለት ደቂቃ ማብራሪያ። ማታ ሥራ ጨርሳ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማዋለች። መልስ ባትሰጥም ላኩ።

ሁለተኛው ቁርባን

አዋቂው በተጠመቀበት ዕለት ይቆርባል። ችግር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዙሪያውን ሲያይ ብዙው ምእመን ቆሞ አስቀድሶ ሳይቆርብ ይሄዳል። ሕፃናት ይቆርባሉ፣ አዛውንት ይቆርባሉ፣ መሐሉ ግን ባዶ ነው። አዲሱ ክርስቲያንም "ለካ ቁርባን ለሽማግሌ ነው" ብሎ ይደመድማል። ማንም አላስተማረውም፤ በዓይኑ አይቶ ተማረ። ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበው ይህ ነው። ሰው ወደ ማዕዱ ሊገባ ተጠምቆ፣ ማዕዱን እያየ በር ላይ ሲያረጅ ያሳዝናል።

ስለዚህ ከጥምቀቱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ከንስሐ አባቱ ጋር ስለ ሁለተኛው ቁርባን እንዲነጋገር አድርጉ። መቼና በምን ያህል ጊዜ የሚለውን ካህኑ ይወስናሉ። የእናንተ ድርሻ ዝግጅቱ ነው። ቢያንስ 18 ሰዓት ስለሚጾም እሑድ ጠዋት የሚቆርብ ሰው ቅዳሜ ምሳውን በጊዜ በልቶ ያበቃል። የሚወስደው መድኃኒት ካለ ለካህኑ ቀድሞ ይንገር። ከሰው ጋር ተጣልቶ ከሆነ ይታረቅ። ንጹሕ ነጭ ልብስ ከማታው ይዘጋጅ። ከቆረበ በኋላ አፉን በነጠላው ይሸፍናል፣ ጠበል ይጠጣል፣ ቀኑን በእርጋታ ያሳልፋል። እናንተም አብራችሁት ብትቆርቡ ከማንኛውም ስብከት ይበልጣል።

ጸሎትና ትምህርት

በትንሹ ይጀመር። በመጀመሪያው ወር ጠዋትና ማታ በስመ ሥላሴ ብሎ አማትቦ አቡነ ዘበሰማያትና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ይበቃዋል። በቃሉ ሲይዘው ጸሎተ ሃይማኖት ይጨመር። ከዚያ አንድ መዝሙረ ዳዊት። ውዳሴ ማርያም በየዕለቱ ተከፍሎ የሚጸለይ ስለሆነ ኋላ ላይ የሰኞውን፣ የማክሰኞውን እያለ ይለምደዋል። ምን እያለ እንደሆነ እንዲያውቅ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ኋላ በግእዝ ይሁን። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት በመጀመሪያው ሳምንት አሸክሞ በሦስተኛው ሳምንት ሁሉንም ሲተው ማየት የተለመደ ነው።

ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ትንሣኤ ሙታን፤ አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ከጥምቀት በፊት ተምሯል። አሁን በእርጋታ ይድገማቸው። መምህር ካለ በደብሩ ጉባኤ ይማር። ከእናንተ ጋር ደግሞ ወንጌል ያንብብ፤ ማርቆስ አጭር ስለሆነ ለመነሻ ይመቻል። በሳምንት አንድ ምዕራፍ ይበቃል። አንድ ደብተር ይኑረውና ያልገባውን ይጻፍበት። መልሱን የማታውቁት ጥያቄ ሲመጣ "አላውቀውም፣ አባን እንጠይቃቸው" በሉ። እንዲህ ማለትን ከእናንተ ከተማረ በኋላ ከዩቲዩብ የሰማውን ሁሉ ይዞ አይሮጥም።

ደግሞ በየቦታው "ይህን ካደረግክ ክርስትናህ ፈረሰ" የሚለው አይታጣም። አዲስ ሰው ይህን ሲሰማ እንቅልፍ ያጣል። እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲሰማ መጀመሪያ ለእናንተ እንዲደውል ተስማሙ።

ጾም

የጾም መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ ይለጠፍለት። ከረቡዕና ዓርብ ሌላ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ነነዌ 3 ቀን፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን፣ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ልደት ዋዜማ፣ ጾመ ሐዋርያት ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ጀምሮ፣ የጥምቀት ገሃድም አለ። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያይ ይደነግጣል። በየተራው እየመጣ እንደሚለምደው ንገሩት። የትኛውን እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾም የሚወስኑት ንስሐ አባቱ ናቸው። የስኳር ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ከባድ የጉልበት ሥራ የሚሠራ ሰው ጉዳዩን ለካህኑ ሳይናገር ዝም ብሎ እንዳይጀምር ተከታተሉ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውንም ክርክር ለካህኑ ተዉት።

የእናንተ ሥራ ማዕድ ቤት ነው። ጾምን የሚያስተው ብዙ ጊዜ ረሃብ ሳይሆን ምን እንደሚበሉ አለማወቅ ነው። ብቻውን የሚኖር ልጅ ከሆነ አንድ ቅዳሜ ቤቱ ሂዱና ሽሮና ምስር አብራችሁ ሥሩ። ሱፍ ፍትፍት አሳዩት። ለሳምንት የሚበቃ ቁሌት አዘጋጅቶ ማቆየትን ይልመድ። ውጭ አገር ያለ ደግሞ ዳቦና ብስኩት ሲገዛ ጀርባውን ያንብብ፤ የወተት ዱቄት የሌለበት ማግኘት ፈልጎ ነው። አንድ ቀን ረስቶ ማኪያቶ ቢጠጣ ዓለም አልተደፋም። ለንስሐ አባቱ ይንገርና ይቀጥል።

ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም ንገሩት። ካልተነገረው ሰው ሁሉ ሲበላ ብቻውን ሲጾም ታገኙታላችሁ። ፋሲካን ደግሞ ብቻውን አያሳልፍ። ከሌሊቱ ቅዳሴ በኋላ የሚፈስክበት ቤት ከሳምንት በፊት ታውቆ ይደር። ጾሙን አብሮን ጾሞ በዓሉን ብቻውን የሚበላ ሰው እንዲኖረን አይገባም።

ቤተሰብ

እዚህ ላይ ዝግ ማለት ያስፈልጋል። እናትና አባቱ ሙስሊም፣ ፕሮቴስታንት ወይም ሌላ እምነት ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። የልጃቸው መጠመቅ ለእነሱ ልጅ እንደማጣት ነው። የቀድሞ እምነቱን በፊቱ አታንቋሽሹ። እናቱ የምትጸልይበትን ነገር ነው የምትነኩት።

ዋናው ፈተና የሚመጣው በበዓል ቀን፣ በሥጋ ነው። ቤት ውስጥ ታርዷል፣ እሱ አይበላም፣ እናት ታለቅሳለች። ይህ ማዕዱ ላይ እንዳይፈነዳ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት እናቱን ለብቻዋ ያነጋግራት። "እማዬ፣ ሥጋውን አልበላም እንጂ ያንቺን ሽሮ ከየትም አላገኘውም። ለእኔ እሱን ሥሪልኝ" ቢላት ትሠራለታለች፤ ባይሆን እንኳ ተናቅሁ አትልም። ባዶ እጁን አይሂድ። ጉልበት ስሞ ይግባ፣ ውኃ ይቅዳ፣ የታመመ ዘመድ ይጠይቅ። ከጥምቀቱ በኋላ ወላጁን የበለጠ የሚያከብር ልጅ ከሆነ ቤተሰቡ በጊዜ ብዛት ይለሳለሳል።

ባለትዳር ከሆነና ሚስቱ ካላመነች "ፍታት" የሚል ምክር ከአፋችሁ አይውጣ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ያላመነችው ሚስት አብራው ለመኖር ከፈቀደች አይተዋት ብሎ ጽፏል። የቀረውን ካህኑ ያዩታል።

ከቤት ተባርሮ ከመጣ ብቻችሁን አትሸከሙት። በዚያው ቀን ለንስሐ አባቱና ለሰበካ ጉባኤው አሳውቁ። ማደሪያውም ገንዘቡም በደብሩ በኩል ይሁን። በግል ገንዘብ ማበደር ዝምድናችሁን ያበላሻል፤ አበዳሪና ተበዳሪ ደግሞ በግልጽ አይነጋገሩም።

ሰዎችና መድረክ

በሦስተኛው ወር ገደማ ከእናንተ ሌላ ቢያንስ ሦስት ሰው በስም ይወቅ። ጽዋ ማኅበር ላይ ይዛችሁት ሂዱ፤ ዳቦና ጠላ እየቀረበ ከሽማግሌዎች ጋር ይጫወት። ሥራም ስጡት። ግቢ መጥረግ፣ ለንግሥ ወንበር መደርደር፣ ጠበል ጸዲቅ ማደል። የሚሠራ ሰው እንግድነቱ ቶሎ ይለቀዋል።

ማይክ ግን አትስጡት። ይህን አጥብቄ እለምናለሁ። ገና ከተጠመቀ ወር ያልሞላውን ሰው መድረክ ላይ አቁሞ "እንዴት እንደመጣህ ንገረን" ማለት፣ ቪዲዮውንም ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ሰውየውን ይጎዳል። ቤተሰቡ ያየዋል፣ አሠሪው ያየዋል፣ ስድብ ይዘንብበታል። ጭብጨባውም ቢሆን ለአዲስ ሰው ከስድቡ ያልተናነሰ ፈተና ነው። ቅዱስ ጳውሎስ አዲስ ክርስቲያን በትዕቢት ተነፍቶ እንዳይወድቅ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ አይሾም ሲል ለጢሞቴዎስ የጻፈው ይህን አውቆ ነው። ፎቶውን እንኳ ሳትጠይቁ አትለጥፉ። ታሪኩ የእሱ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ከፈለገ ይናገረው።

ሲጠፋ

ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር፣ የመጀመሪያው ሙቀት ሲበርድ ነው። ሁለት እሑድ ካላያችሁት ሦስተኛውን አትጠብቁ። ስትደውሉ "ለምን ቀረህ?" አትበሉ። "ናፍቀኸኛል፣ ደህና ነህ ወይ? ማክሰኞ ሻይ እንጠጣ" በሉ። ስልክ ካላነሣ ጻፉለት። ካልመለሰ ቤቱ ሂዱ፤ ብርቱካን ይዛችሁ፣ በር ላይ ሰላም ብላችሁ የምትመለሱ ሆናችሁ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከእምነት መጥፋት ይልቅ ኀፍረት ነው። ወደ ቀድሞ ልማዱ ተመልሷል፣ ወይ ጠጥቷል፣ ወይ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ ክፉ ተናግሮታል። ንስሐ ለዚሁ የተሰጠ መሆኑን አስታውሱትና አባ ዘንድ አብራችሁ ሂዱ። ያስቀየመው ሰው ካለ ደግሞ ያንን ሰው እናንተ አናግሩት።

ሙሉ በሙሉ አልመጣም ካለም ስድብና ማስፈራሪያ አያስፈልግም። በበዓላት "እንኳን አደረሰህ" ማለታችሁን አትተዉ። ክርስትና ስሙን በጸሎታችሁ አንሡ።

ዓመቱ ሲሞላ

በተጠመቀበት ቀን ከንስሐ አባቱ ጋር ሦስታችሁ ተቀመጡ። አራት ነገር ተያዩ። በዓመቱ ስንት ጊዜ ቆረበ? የትኛው ጾም ከበደው? ከቤተሰቡ ጋር እንዴት ሆነ? እናንተ ብትታመሙ ማን ጋር ይደውላል? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ካጣ ገና አልጨረሳችሁም፤ ሌላ ጥቂት ወራት ጨምሩ። መልስ ካለው በየሳምንቱ መገናኘቱን ወደ ወር አድርጉት። የክርስትና ዝምድናው እንደሆነ እስከ ዕድሜ ልክ ነው፤ በሠርጉም በለቅሶውም ትገኛላችሁ።

ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ከመሄዱ በፊት ከደብሩ የሸኚ ደብዳቤ ያውጣ፣ የጥምቀት ምስክር ወረቀቱን ይያዝ። እናንተ ደግሞ በሚሄድበት ቦታ የቅርቡን ደብር አጠያይቁና ከአንድ ሰው ጋር በስልክ አስተዋውቁት። በደረሰ በመጀመሪያው እሑድ ማታ ደውላችሁ ማስቀደስ አለማስቀደሱን ጠይቁ።